ቴሌስኮፔን ልሽጠው ወይስ ሰማዩን ልጠብቀው?

የአንባቢ ደብዳቤ

ውድ አማካሪ፣

ዕድሜዬ ሠላሳዎቹን አጋምሷል። የሂሳብ ሠራተኛ፣ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ራሱ ያነሳውን የኦሪዮን ኔቡላ፣ ማለትም በጠፈር ያለ ግዙፍ የጋዝና የአቧራ ክምችት፣ ፎቶግራፍ አሳየኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ምስል የሚገኘው ከጠፈር ቴሌስኮፕ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተራ ካሜራና አነስተኛ ቴሌስኮፕ ይዞ ከቤቱ ደጃፍ እንዳነሳው ሲነግረኝ ማመን አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ሁሉ ሰማይ ላይ ሆነ። ለዓመታት ያጠራቀምኩትን ገንዘብ አውጥቼ ባለ 80 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ፣ ካሜራና ከምድር ዙረት ጋር እየዞረ ኮከብ የሚከተል ባለሞተር መቆሚያ ገዛሁ።

ችግሩ ሰማዩ ነው። የምኖርበት አካባቢ አብዛኛውን ዓመት ደመና አይለየውም። ጠራ ሲባል ወይ ጨረቃዋ ሙሉ ናት፣ ወይ በማግስቱ በጠዋት የምገባበት ሥራ አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በእጄ የገባው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ የሁለት ሰዓት ቀረጻ (ካሜራው ብርሃን የሰበሰበበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ) ብቻ ነው፤ እሱም ሻካራና ያላለቀ። ሌሎች ሰዎች በኢንተርኔት «የአርባ ሰዓት ቀረጻ» እያሉ የሚያወጧቸውን ፎቶዎች ሳይ ደስ ሊለኝ ሲገባ ይከፋኛል። ድሮ እንዲህ ያለሁ ምቀኛ አልነበርኩም።

የባሰው ደግሞ ባለፈው ወር የሆነው ነው። በልጄ የልደት በዓል ምሽት ሰማዩ ድንገት ተከፈተ። ኬኩ ሲቆረስ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነበር። እንግዶቹ ሳይሄዱ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ። መቆሚያውን አስተካክዬ ሳልጨርስ ደመናው ተመለሰ። ስገባ ልጄ ተኝታለች፤ ባለቤቴ ሳህን ያጥባል። አንድም ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ያ ባልደረባዬ ዕቃውን በሙሉ በጥሩ ዋጋ ልግዛሽ ብሎኛል። አንዲት ወዳጄ ደግሞ «ሰማዩ ሁልጊዜ በሚጠራበት ሩቅ አገር ያለ ቴሌስኮፕ በኢንተርኔት ተከራይተሽ ለምን አታነሺም?» ትለኛለች። እንደዚያ ካደረግኩ ግን ፎቶው የማን ነው? የእኔ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ? ልሽጠው? ልጠብቅ? ወይስ ነገሩ ከመጀመሪያውም ሞኝነት ነበር? እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።

ደመና የጋረዳት

መልስ

እህቴ፣

ለባልደረባሽ «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» በይው። ጥሩ ዋጋ ያቀረበ ሰው ጥቂት ወራት ቢጠብቅ አይጎዳም። ደግሞም አንድ ነገር ልብ በይ፦ እሱም የሚኖረው አንቺ በምትኖሪበት ሰማይ ሥር ነው። ያንኑ ደመና በየቀኑ እያየ ተጨማሪ ቴሌስኮፕ መግዛት የሚፈልግ ሰው አንድ የያዘው ዘዴ ሳይኖር አይቀርም። ከመሸጥሽ በፊት ምን እያሰበ እንደሆነ ብትጠይቂው ምን ይመስልሻል?

አትሽጪ እያልኩሽ አይደለም። ነገር ግን በደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ጉዳዮች ተደባልቀዋል፤ አንዱ የሰማዩ፣ አንዱ የቤትሽ፣ አንዱ ደግሞ የሌሎች ፎቶ የሚያሳድርብሽ ስሜት ነው። ዕቃው ዛሬ ቢሸጥ ከሦስቱ መፍትሔ የሚያገኘው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የልደቱ ምሽት ግን ቴሌስኮፑ ከቤት ከወጣም በኋላ እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ እንለያያቸው።

ከሰማዩ ልጀምር፤ ከሦስቱ ቀላሉ እሱ ነውና። ሳተላይቶች እንደሚያሳዩት በየትኛውም ሰዓት ከምድር ገጽ ሁለት ሦስተኛው ያህል በደመና ተሸፍኖ ይገኛል። ስለዚህ የደረሰብሽ ለአንቺ ብቻ የተጻፈ ዕድል አይደለም፤ ይህን ሥራ የሚወዱ ሰዎች አብዛኞቹ በተዘጋ ሰማይ ሥር የሚኖሩ ናቸው። አዲስ ዕቃ በተገዛ ቁጥር ደመና ይመጣል እያሉ የሚቀልዱትም ወደው አይደለም።

በደመና የተጎዳ ሰው ታሪክ ከተነሳ ግን የፈረንሳዊውን የሥነ ፈለክ ሰው የጊዮም ለ ዣንቲን የሚያክል አላውቅም። ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1760 አገሩን ትቶ ወደ ሕንድ ጉዞ ጀመረ። በ1761 ቀኑ ሲደርስ ገና ባሕር ላይ ነበር፤ ሰማዩ ጠርቶለት ሳለ በምትናወጥ መርከብ ላይ የረባ ልኬት መውሰድ አልቻለም። ቀጣዩ በ1769 ስለነበር ወደ አገሩ ከመመለስ ይልቅ ስምንቱን ዓመት እዚያው ሕንድ ውቅያኖስ አካባቢ ለመቆየት ወሰነ። በሕንዷ ፖንዲቼሪ ከተማ የመመልከቻ ቤት አዘጋጅቶ ሲጠባበቅ፣ የተመኛት ሰዓት ስትደርስ ደመና ጋረዳት። ከዚያ በኋላ የሚደገመው በ1874 ነው። በ1771 አገሩ ሲገባ ደግሞ ሞቷል ተብሎ ወራሾቹ በንብረቱ ላይ ተነስተው፣ በሳይንስ አካዳሚው የነበረው ወንበርም ለሌላ ተሰጥቶ ጠበቀው።

ይህን የምነግርሽ «ከአንቺ የባሰም አለ» ልልሽ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ማጽናኛ ማንንም አጽናንቶ አያውቅም። በእሱና በአንቺ መካከል ያለውን ልዩነት እንድታዪው ነው። ቬነስ ቀጠሮ ነበራት፤ አንድሮሜዳ የላትም። ብርሃኗ ወደ ካሜራሽ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል። በመጪው ዓመትም፣ ልጅሽ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትይዝም በዚያው ቦታ፣ በዚያው መልክ ታገኛታለሽ። በነገራችን ላይ፣ በፎቶሽ ላይ ከአንድሮሜዳ እምብርት አጠገብ የምትታየውን ትንሽ ክብ ብርሃን አስተውለሻታል? ኤም 32 የምትባል ሌላ ጋላክሲ ናት። እ.ኤ.አ. በ1749 ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ይኸው ለ ዣንቲ ነው። ያቺን ለማየት ማንም ቀን አልቆረጠበትም ነበር።

እንግዲህ የሁለት ሰዓት ቀረጻሽ ገና ያላለቀ ነው እንጂ የከሸፈ አይደለም። አንቺ የሂሳብ ሰው ስለሆንሽ በቁጥር ልንገርሽ። ቀረጻዎች ሲደራረቡ የምስሉ ጥራት የሚያድገው በሰዓቱ ብዛት ልክ ሳይሆን በስኩዌር ሩቱ ነው። ሁለቱ ሰዓት ስምንት ሲሆን ጥራቱ እጥፍ ይሆናል፤ ሌላ እጥፍ ለመጨመር ግን ሠላሳ ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል። ያ ያስከፋሽ የአርባ ሰዓት ፎቶ ከአንቺ ሃያ እጥፍ ጊዜ ወስዷል። ሰማዩም መሣሪያውም አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ በጥራት የሚበልጥሽ አራት ተኩል እጥፍ ያህል ብቻ ነበር። ትልቁ ለውጥ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው ማለት ነው፤ አንቺም ያለሽው እዚያው ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ብትጨምሪ ፎቶሽን ራስሽ አታውቂውም። ስድስት ሰዓት ደግሞ ሦስት መልካም ምሽት ነው፤ በሁለት ዓመት ተከፍሎ ቢመጣም ግድ የለም።

ለዚህ ግን ፎቶውን እንደ ቁጠባ ደብተር መያዝ ይኖርብሻል። የመጀመሪያዎቹን ጥሬ ፋይሎች አንዱንም አታጥፊ፤ ተደራርቦ ያለቀውን ምስል ብቻ ማስቀመጥ ብዙ ሰው የሚጸጸትበት ነገር ነው። ካሜራው በቴሌስኮፑ ላይ የተገጠመበትን አቅጣጫ ምልክት አድርጊበት፤ ማዕዘኑ ከተለወጠ የዘንድሮውና የአምናው ምስል ጠርዙ አይገጥምም። ቴሌስኮፑን አምና ወዳነጣጠርሽበት ነጥብ ለመመለስ ደግሞ የራስሽን የድሮ ፎቶ አንብቦ በከዋክብቱ አቀማመጥ ቦታውን የሚለይ ፕሮግራም አለ፤ ኒና የሚባለው በነፃ የሚገኝ ሲሆን ይህንን በደቂቃ ውስጥ ይሠራዋል። በተለያየ ዓመት የተነሱትን አንድ ላይ ለመደራረብም ሲሪል የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። በየምሽቱ ግን የዚያኑ ምሽት ፍላት፣ ማለትም ወጥ ብርሃን ብቻ የሚታይበት የማስተካከያ ምስል፣ ማንሳት አትርሺ፤ የሌንሱ አቧራና የምስሉ ጠርዝ ጥቁረት የሚስተካከለው በእሱ ነው፤ አቧራው ደግሞ ከወር እስከ ወር ቦታውን ይለውጣል።

አሁን ወደዚያ ምሽት ሥራሽ ልመለስ፤ ስለ ልጅሽ ሳይሆን ስለ መቆሚያው። አስተካክለሽ ሳትጨርሺ ደመናው መጣ ብለሻል። ደመና በሚበዛበት ሰማይ ሥር ከሌንስ ይልቅ የሚጠቅመው ፍጥነት ነው። የመቆሚያው እግሮች የሚያርፉበትን ሦስት ቦታ መሬቱ ላይ በቀለም ምልክት አድርጊ። ቴሌስኮፑ፣ ካሜራውና ገመዶቹ ተገጣጥመው በአንድ ላይ ተሸፍነው ይቀመጡ። በደመናማ ቀን ቤት ውስጥ፣ መብራት አጥፍተሽ፣ ከመዘርጋት እስከ መጀመሪያው ቀረጻ ያለውን ሥራ ደጋግመሽ ተለማመጂው። እጅሽ ሲለምደው አንድ ሰዓት የፈጀብሽ ነገር ወደ ሩብ ሰዓት መውረዱ አይቀርም።

የእያንዳንዱንም ቀረጻ ጊዜ አሳጥሪው። ሄንሪ ድሬፐር እ.ኤ.አ. በ1880 የኦሪዮን ኔቡላን አነሳ፤ የመጀመሪያው የኔቡላ ፎቶግራፍ እሱ ነው። የፈጀበት 51 ደቂቃ ነበር፣ በአንድ የፎቶ ሰሌዳ ላይ። በሃምሳኛው ደቂቃ ደመና ቢያልፍ ኖሮ ድካሙ በሙሉ ገደል ይገባ ነበር። አንቺ ግን ያንኑ ጊዜ ሃምሳ አንድ የአንድ ደቂቃ ቀረጻ አድርገሽ መክፈል ትችያለሽ፤ ደመና ያለፈባቸው አሥሩ ቢጣሉ አርባ አንዱ ይቀሩልሻል። የዛሬ ካሜራዎች አጭር ቀረጻ ሲደጋገም የሚያጡት ጥራት ጥቂት ነው። ሲሪልም በእያንዳንዱ ምስል ላይ የሚታዩትን ከዋክብት ቆጥሮ ደመና የነካውን ይለይልሻል። አርባ ደቂቃ ብቻ የቆየ ክፍት ሰማይም ከዚህ በኋላ ባዶ ምሽት አይባልም።

ሙሉ ጨረቃንም እንደ ደመና አትቁጠሪያት። እንደ ሮዜት ወይም ሰሜን አሜሪካ ኔቡላ ያሉት የሚያበሩት በአብዛኛው በሃይድሮጅን ቀይ ብርሃን ነው፤ በ656.3 ናኖሜትር። ይህንና የኦክስጅኑን ብርሃን ብቻ አሳልፎ ሌላውን የሚያግድ ማጣሪያ ካሜራው ፊት ብትገጥሚ የጨረቃው ብርሃን አብዛኛው ውጭ ይቀራል። ለአንድሮሜዳ ግን አይሆንም፤ የጋላክሲ ብርሃን የከዋክብት ብርሃን ስለሆነ በሁሉም ቀለም ተበትኖ ነው የሚመጣው። ጨለማውን ምሽት ለጋላክሲ፣ የጨረቃውን ለኔቡላ ብትመድቢ የምትሠሪበት ጊዜ ይሰፋል። ማጣሪያውን ከመግዛትሽ በፊት ግን ካሜራሽን አጣሪ፤ ተራ ካሜራዎች ከውስጥ ያለ የራሳቸው ማጣሪያ የዚህን ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ለነገሩ እኔ ብሆን በዚህ ዓመት ምንም አልገዛም።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ።

ባለቤትሽ ሳህን ሲያጥብ ስለምን ዝም አለ? አንቺ መልሱን ራስሽ ሰጥተሽ ጨርሰሻል፤ በደለኛ ነሽ ብሎ ፈርዶብኛል ብለሽ አስበሻል። ሊሆን ይችላል። ደክሞትም ሊሆን ይችላል። ደመናው መመለሱን በመስኮት አይቶ አዝኖልሽ፣ ምን እንደሚልሽ ጠፍቶበትም ሊሆን ይችላል። ቅር ያለው በገንዘቡ ይሁን፣ በዚያች ምሽት ይሁን፣ ወይስ አብረሽው ተቀምጠሽ ልብሽ ውጭ በመሆኑ፣ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ጠይቂው። ስትጠይቂው ግን ሰማዩ በጠራ ቀን አይሁን፤ ዓይንሽ መስኮቱን ከፈለገ ጥያቄው ዋጋ ያጣል። «ያን ዕለት ምን ተሰማህ?» ብለሽ ጀምሪ፣ ከዚያም ራስሽን ሳትከላከይ አድምጪው። ስለ ደመናው ማስረዳትሽን ለሌላ ቀን አቆዪው።

ለልጅሽም አንድ ነገር በያት። ረጅም ይቅርታ አያስፈልጋትም፤ «በልደትሽ ቀን ወጥቼ መሄዴ ልክ አልነበረም፣ ሁለተኛ አይደገምም» ብትያት ይበቃታል። ከዚያ በኋላ ግን እውነትም እንዳይደገም የቤት ስምምነት ያስፈልጋል። ጨረቃ ከሙሉ ወደ ሙሉ የምትመለሰው በ29 ቀን ተኩል ነው፤ በዚህ ውስጥ ለጋላክሲ የሚሆነው ጨለማ ሳምንት ከወዲሁ ይታወቃል። በየወሩ መጀመሪያ ከባለቤትሽ ጋር ቀን መቁጠሪያ ይዛችሁ ተቀመጡ። የልደት፣ የሠርግ፣ የትምህርት ቤት ዝግጅት ቀኖች ቀድመው ይመዝገቡ፤ በእነዚያ ቀናት ፍኖተ ሐሊብ ራሱ ከጣሪያችሁ በላይ ቢወርድ ዕቃው አይነካም። በምትኩ በጨለማው ሳምንት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ምሽቶች የአንቺ ይሁኑ፤ ከጠራ ትወጪያለሽ፣ ማንም አይቀየምሽም፣ አንቺም ሰርቀሽ የወጣሽ አይመስልሽም። ካልጠራም አብራችሁ ታመሻላችሁ። አሁን ያለሽበት ሁኔታ የሚያደክመው በየምሽቱ ልትወጪ የምትችይ ሆነሽ ስለምትኖሪ ይመስለኛል። እንደዚያ ሲሆን የጠራው ምሽት ከቤተሰብሽ ይወስድሻል፣ የደመነውም ቢሆን በልብሽ እንድትሸፍቺ ያደርግሻል።

የአየር ትንበያውንም ነገር ገደብ አብጂለት። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ስለሚመጣ ደመና የሚነገር ትንበያ ብዙም አይጸናም፤ የሳምንቱን እያየሽ ተስፋ ማድረግና ተስፋ መቁረጥ ራስን በከንቱ ማሠቃየት ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ሊመሽ ሲል የሳተላይቱን የደመና ምስል አንድ ጊዜ እዪ። ደመናው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ከሳተላይቱ ምስል ራስሽ ማንበብ ስትለምጂ ከብዙ ትንበያ ይሻልሻል።

ወዳጅሽ ወዳመጣችው ሐሳብ ልለፍ። «ፎቶው የማን ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ዊልያሚና ፍሌሚንግ የምትባል ሴት ነበረች፤ በሃርቫርድ የመመልከቻ ማዕከል ተቀጥራ፣ ሌሎች ሰዎች በቴሌስኮፕ ያነሷቸውን የመስታወት ሰሌዳዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትመረምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ከተነሳ አንድ ሰሌዳ ላይ ማንም ያላስተዋለውን ጥቁር ጥላ አየች። ዛሬ የፈረስ ራስ ኔቡላ ብለን የምናውቀው እሱ ነው። ቴሌስኮፑን የያዘችው እሷ አልነበረችም፤ ያገኘችው ግን እሷ ናት። በተከራየሽው ቴሌስኮፕም ዒላማውን የምትመርጪው፣ የቀረጻውን ጊዜ የምትወስኚው፣ ከጥሬው ፋይል ምስሉን ለቀናት ታግለሽ የምታወጪው አንቺ ነሽ። ስታሳዪው በምን መሣሪያና ከየት እንደተነሳ ጻፊበት፤ ከዚያ በኋላ የሚያሳፍር ነገር አይኖረውም።

ነገር ግን ከባለቤትነቱ ጥያቄ በፊት የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ጊዜ ወስደሽ መልሺው። ከዚህ ሥራ የምትወጂው የትኛውን ክፍል ነው? በጨለማ ውጭ መቆሙን፣ ብርዱን፣ ሞተሩ ኮከቡን ሲከተል መስማቱን ነው? ወይስ ኮምፒውተሩ ላይ ከጥቁር ምስል ውስጥ የጋላክሲው ክንድ ቀስ እያለ ሲወጣ ማየቱን? የመጀመሪያው ከሆነ የተከራየሽው ቴሌስኮፕ በሁለተኛው ወር ያሰለችሻል፤ ገንዘብሽን ቆጥቢ፣ ለጥቂቶቹ ምሽቶችሽ ተዘጋጂ። ሁለተኛው ከሆነ ግን ደመናው ከምታስቢው በላይ አቅመ ቢስ ነው፤ እንዲያውም ኪራይ እንኳ ላያስፈልግሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ጠፈር የወጣው የሃብል ቴሌስኮፕ ያነሳቸው ጥሬ ፋይሎች በኢንተርኔት ለማንም ሰው በነፃ ክፍት ናቸው። ዛሬ ማታ ዝናብ እየዘነበ አንዱን አውርደሽ ቀለሙን በራስሽ እጅ መሥራት ትችያለሽ። ያን ስታደርጊ የተማርሽው ሁሉ ወደ አንድሮሜዳሽ ይመለሳል። የሁለት ሰዓቱን ቀረጻ እንደገና ከመጀመሪያው ብትሠሪውም ካሰብሽው በላይ ሊወጣው እንደሚችል እገምታለሁ፤ የጀማሪ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ውጭ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ነውና።

ደመና ጨርሶ የማያግደው ሰማይም አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያነሳው ላንሳው። በጋላክሲያችን ውስጥ የተበተነው ሃይድሮጅን በ21 ሴንቲሜትር የሞገድ ርዝመት ይናገራል፤ ሬዲዮ ስለሆነ ደመናውን አልፎ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1951 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ይህ ድምፅ ዛሬ በቆርቆሮ በተሠራ የቀንድ ቅርጽ ያለው አንቴናና ከኮምፒውተር ጋር በሚያያዝ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ በአማተሮች እጅ ይሰማል። የሚወጣው ፎቶ አይደለም፣ ጉብታ ያለው መስመር ነው። ለአንቺ ላይጥምሽ ይችላል፤ ቆርቆሮ መቁረጥና መግጠም የምትወድ ልጅ ካለችሽ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ቅናቱ ብዙ አልልም። ሰው ደመናማ ምሽቱን ፎቶ አንስቶ አያወጣም፤ ስለዚህ የምታዪው የሌላውን ሰው የዓመቱን ምርጥ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ከፎቶው ሥር የተጻፈውን አንብቢ፤ ከእነዚያ አስደናቂ ፎቶዎች ብዙዎቹ እንደ ቺሊው አታካማ በረሃ ካሉ ሰማያቸው አብዛኛውን ዓመት ከሚጠራ ቦታዎች የመጡ ናቸው። ለጥቂት ጊዜ ባታዪአቸውም የሚቀርብሽ ነገር የለም።

ታዲያ መቼ ነው መሸጥ ያለብሽ? እኔ የማየው ምልክት ይህ ነው፦ ስምምነቱ ተደርጎ፣ ምሽቱ የአንቺ ሆኖ፣ ዕቃው ተዘጋጅቶ ሳለ ደመና ሲመጣ እፎይ ካልሽ፣ እንዲያ ያለው እፎይታም ከአንድ ጊዜ በላይ ከተሰማሽ፣ ያለ ጸጸት ሽጪው። ፍቅሩ አልቋል፤ ያለቀ ነገርን በጥሩ ዋጋ መሸጥ ደግሞ ነውር የለውም። የሚያናድድሽ ከሆነ ግን ገና አላለቀም። በመካከል ያለውም መንገድ አይረሳ፤ ከባዱን መቆሚያ ለባልደረባሽ ሸጠሽ ካሜራሽንና አነስተኛ መከታተያ መያዝ ይቻላል፤ ወይም ሳትሸጪ አብራችሁ ሥሩ። የእሱ አምስት ሰዓትና የአንቺ ሁለት ሰዓት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተደራርቦ አንድ አንድሮሜዳ ይሆናል፤ ቴሌስኮፖቹ ቢለያዩም ፕሮግራሙ ያስማማቸዋል።

ዛሬ ማታ ከደመነ የሚሠራ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ዳርክ የሚባለውን አንሺ። የቴሌስኮፑን ክዳን ዝጊ፣ ካሜራውን በረንዳ ላይ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ አስቀምጪ፣ በምትሠሪበት ምሽት የሚኖረውን ያህል ይቀዝቅዝ፤ ከዚያም በምትጠቀሚበት አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት መጠን) ሠላሳ የአንድ ደቂቃ ቀረጻ እዘዢው። ካሜራው ራሱ የሚፈጥረውን ነጠብጣብ ከአንድሮሜዳሽ ላይ የሚቀንስልሽ ይህ ነው፤ ሰማይ አያስፈልገውም። ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፣ አጠገቡ መቆምም አያሻም። ባለቤትሽን ያንን ጥያቄ ለመጠየቅ ግማሽ ሰዓት ይበቃሻል።